ማክሰኞ ያልመጣው ረዳት

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ከመጋረጃው ፊት ያለውን አይደለም። እሱን ታውቁታላችሁ፤ መብራቱ ይጠፋል፣ መጋረጃው ይገለጣል፣ ተዋናዩ ይወጣል፣ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። እኔ የምወስዳችሁ ወደ ጓዳው ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ በእርሳስ ምልክት የተጥለቀለቀ ተውኔት ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ በስልኳ ብርሃን ገጽ እየገለጠች የቆመች ልጅ አለች። ጀበናው በሁለተኛው ገቢር ጠረጴዛው ላይ ካልተገኘ፣ የበሩ መንኳኳት ከቃለ ተውኔቱ ቀድሞ ከተሰማ፣ ተዋናዩ ጃኬቱን ሳይቀይር ከገባ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ሁሉም በሰዓቱ ከሆነ ደግሞ መኖሯን የሚያውቅ የለም። ሙያው የመድረክ አስተዳደር ይባላል፤ ልጆቹ ግን «ስቴጅ ማናጀር» ነው የሚሉት።

ይህችን ልጅ ስም አልሰጣትም። ቴአትር ከሚማሩና ለሚ ኩራ ውስጥ ከሚኖሩ ወጣቶች ሕይወት እየቀዳሁ ያበጀኋት የትረካ ልጅ ናት። አጠገቧ የማቆማቸው ሰዎችም እንደዚያው። የቆመችበት መሬት፣ ሙያዋና የገጠማት ጣጣ ግን እውነት ነው።

ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በ2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ። አያት፣ ሲኤምሲ፣ ሳሚት፣ ቦሌ አራብሳ እያላችሁ ስትቆጥሩ ኮንዶሚኒየም ለኮንዶሚኒየም እየተቀባበለ ዓይን እስኪደክም ይዘልቃል። ከመሀል ከተማ ቤቱ የፈረሰበትም፣ ዕጣ የወጣለትም፣ ኪራይ የገፋውም እዚህ ሰፍሯል። ታላላቆቹ ቴአትር ቤቶች ግን አብረው አልመጡም። ሀገር ፍቅር ያው ፒያሳ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ከቸርችል ጎዳና ራስጌ፣ ብሔራዊ ቴአትር ከግርጌው ወደ ለገሃር። የቴአትር ተማሪ ከአያት ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ባቡር ተጋፍቶ ይወርዳል፤ ባቡሩ ሲዘገይ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። ማታ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ስለ ማርፈድ የምነግራችሁን ስትሰሙ ይህን መንገድ አትርሱት።

ልጅቷ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመመረቂያ ቴአትር ሲመደብ የመድረክ አስተዳዳሪነቱ ለእሷ ደረሳት። ተውኔቱን የጻፈው የክፍላቸው ልጅ ነው፤ ሁለት ገቢር፣ ስምንት ተዋንያን፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ በር። ከተዋንያኑ የሚበዙት ሰፈራቸው ወደ አያትና ሳሚት ስለሆነ የማታውን ልምምድ አያት፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ባለ ኮሚናል ለማድረግ ተስማሙ። ኮሚናሉ ሰርግም፣ ለቅሶም፣ የእድር ስብሰባም የሚስተናገድበት የጋራ ቤት ነው። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬም ልናስቸግርዎት ነው» ትላለች። «ግቡ ልጆቼ፤ የእድሩን ወንበር ብቻ እንዳትሰብሩብኝ» ይላሉ። ከዚያ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር እየለጠፈች ግድግዳው የት እንደሚያልፍ፣ በሩ የት እንደሚቆም፣ ሶፋው የት እንደሚያርፍ ታሰምራለች። ተዋንያኑ ያን መስመር እንደ ግንብ አክብረው ይለማመዳሉ።

ረዳት አላት። የክፍሏ ልጅ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጓደኛዋ። እጀ ወርቅ ነው። ከካርቶንና ከአሮጌ ጨርቅ ያበጀው ራዲዮ ከሦስተኛው ረድፍ ሲታይ የድሮ ፊሊፕስ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። የመድረኩ ቁሳቁስ ሁሉ በእሱ እጅ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ በወረቀት አልብሶ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ዙሪያውን በእርሳስ ከብቦ፣ ከሥሩ ስሙን ጽፎበታል፤ ጀበና፣ ደብዳቤ፣ መነጽር፣ ራዲዮ። ዕቃው ከክቡ ውስጥ ከሌለ አንድ ተዋናይ ይዞት ጠፍቷል ማለት ነው። በብዙ አገር ያለ ቴአትር ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ልጁ ይህን ከመምህሩ ሰምቶ በማግስቱ ሠርቶት መጣ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያማሩ ነበሩ። ቀጥሎ ማርፈድ መጣ። ስልክ ሲደወልለት «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፤ በአዲስ አበባ ይህን ቃል ማን ይፈርድበታል? ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጭራሽ ቀረ። «አሞኛል» የሚል መልእክት ላከ።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ ተራ ማክሰኞ አልነበረም። አዘጋጁ ሁለተኛውን ገቢር ሲያየው ቆይቶ በሩ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲዛወር ወሰነ። በር ሲዛወር አብሮት የማይዛወር ነገር የለም። ደብዳቤው የሚቀመጥበት መደርደሪያ፣ ጀበናው የሚገባበት አቅጣጫ፣ ራዲዮው የሚበራበት ቃል፣ ሁሉም ተቀየረ። ልጅቷ እየደመሰሰች እየጻፈች ማስታወሻዋን አስተካከለች። ሐሙስ ረዳቷ በጊዜ መጣ፤ እንደ ልማዱ ዕቃውን በጥንቃቄ ደረደረ፤ በድሮው አደራደር። እናቲቱን የምትጫወተው ተዋናይት በእንባ መሀል ወደ መደርደሪያው እጇን ሰደደች፤ ደብዳቤ የለም። ስሜቷ ተሰበረ፣ ልምምዱ ቆመ። ልጅቷ ረዳቷን ለመሸፈን «ማክሰኞ ታሞ ስለነበር ነው» አለች። ከተዋንያኑ አንዱ፣ ክፋት ሳያስብ፣ «ማክሰኞ? ማክሰኞማ ሳሚት አይቼዋለሁ፤ ቀረጻ ላይ ነበር» አለ።

ነገሩ ወጣ። ልጁ ሳሚት ውስጥ ቪላ ተከራይቶ ለሚቀረጽ አንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የቁሳቁስ ረዳት ሆኖ ተቀጥሯል። የሚከፈለው በቀን ነው። የሚጠራውም ማታ ተደውሎ ለነገ ጠዋት ነው፤ ቀረጻው ሲገፋ ማታውንም ይወስዳል።

መምህራቸው ሲሰሙ አላመነቱም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አሉ። «ወይ ይምጣ፣ ወይ ይቅርና ሌላ ሰው እንመድብ። አስተዳዳሪዋ አንቺ ነሽ፤ ወስነሽ ንገሪኝ።»

እዚህ ላይ ትረካውን ገታ ላድርገውና መምህሩን ልሟገታቸው። ምሳሌያዊ አነጋገሩ ጥንታዊ ነው፤ ግን የአገራችን ቴአትር ራሱ በሁለትና በሦስት ዛፍ ላይ በወጡ ሰዎች የቆመ ነው። ፋቡላን ጽፈው የዘመናዊ ተውኔታችንን በር የከፈቱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ የሠለጠኑ የመድፍ መኮንን ነበሩ፤ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፣ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ቆመዋል። ዮፍታሔ ንጉሤ ባለቅኔም፣ መምህርም፣ የመዝሙር ደራሲም ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸውን ነው ተዋናይ ያደረጉት። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲመረቅ በመድረኩ ላይ የታየው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር። ደራሲው መኮንን እንዳልካቸው ያን ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለተውኔት ጊዜ ካገኙ፣ ቦሌ አራብሳ የሚኖር ተማሪ ለቀን ሥራ ጊዜ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል ደግሞ «ያላቻ ጋብቻ»ን የሰጡን መንግሥቱ ለማ በዲፕሎማትነት ሠርተዋል፤ ኋላም በዩኒቨርሲቲ ቴአትር አስተምረዋል። አስናቀች ወርቁ ክራሯንም መድረኩንም ይዛ ኖራለች። የመድረኩን ሰው ደበበ እሸቱን እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ እናየዋለን። ወጋየሁ ንጋቱንማ ማን ይረሳዋል! መድረክ ላይ ያዩት አዩት፤ መላው አገር ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰምቶ ነው ድምፁን የቤተሰቡ ያደረገው። እኔ ዛሬ እንዲህ ጠጋ በሉ ስላችሁ የዚያ ድምፅ ባለዕዳ ነኝ።

የቴአትር ቤቶቻችን አሠራርም ሰውን ለብዙ ሥራ የሚያደላድል ነው። በአንዳንድ አገር አንድ ቴአትር ሲከፈት በየማታው እየታየ ሳምንታት ይቆይና ይዘጋል። እኛ ጋ ለአንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን ይሰጠዋል፤ ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ፣ እሑድ ከሆነ እሑድ። ተመልካች ከወደደው በዚያችው ቀን ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ይዘልቃል። ስለዚህ አንድ ተዋናይ በሳምንት ሦስት ቴአትር ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ሊውል ይችላል። በመሀል የሬዲዮ ድራማ አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ ፊልም አለ። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ደግሞ የድምፅ ሥራ ተጨመረ። ቴአትር ቤት ተቀጥሮ የመንግሥት ደመወዝ የሚያገኘውም ቢሆን በደመወዙ ብቻ የቤት ኪራይ አይችልም። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ቴአትር ማስተማር በ1970ዎቹ መባቻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የታሰበው ለመድረክ የተሰጠ ባለሙያ ማፍራት ነበር፤ ባለሙያው ግን የሚመረቀው ወደዚህ ገበያ ነው።

እንግዲህ ልጁን «ለቴአትር ፍቅር የለውም» ብሎ መፍረድ ትክክል አይደለም። በእኔ እምነት በደሉ ሌላ ነው፤ ወደዚያ እንሂድ።

ልጅቷ መጀመሪያ ያደረገችው ብዙ ደግ ሰው የሚያደርገውን ነው። ለመምህሯ «አሰብበታለሁ» አለችና የረዳቷን ሥራ ዝም ብላ በራሷ ላይ ጨመረችው። ሲያረፍድ ጠረጴዛውን እሷ ትደረድራለች። ሲቀር የበሩን ድምፅ እሷ ታንኳኳለች። ማንም እንዳያውቅበት ቀድማ ትመጣለች። ደግነት ይመስላል አይደል? አይደለም። አንድ ማታ ጀበናውን ለማቀበል ጎንበስ ስትል የመብራት ምልክት አመለጣት፤ ሳሎኑ ሊጨልም ሲገባው ሁለት ተዋንያን በሙሉ መብራት ውስጥ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ቆሙ። የሰው ሥራ በስውር የሚሸፍን አስተዳዳሪ የራሱን ይጥላል። ከዚያም ይብሳል፤ ልጁ የጎደለው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ ዕቃው ተደርድሮ ነው የሚያገኘው። እሷ በልቧ እየከሰሰችው፣ እሱ ሁሉ ደህና ነው እያለ፣ ሳምንቱ አለቀ። እኔ ከመሳደቡም ከማባረሩም ይልቅ ይህን ዝምታ ነው የምፈራው፤ ጓደኝነትን ከሥሩ የሚበላው እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ተነሥታ ቦሌ አራብሳ፣ ቤቱ ሄደች። አራተኛ ፎቅ። እናቱ በሩን ከፍተው «ውይ ልጄ፣ ነይ ግቢ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ነው» ብለው አስቀመጧት። ታናሽ እህቱ ጥግ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዛ ታጠናለች። እናትየው ስለ ልጃቸው በኩራት ተናገሩ። «ጠዋት ቀረጻ፣ ማታ ትምህርት። እኔም ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው የምለው። የዚህችን የማስጠኛ ክፍያ የሚችለው እሱ እኮ ነው።»

መምህሩ አንድ ምሳሌ፣ እናት ሌላ ምሳሌ። ልጅቷ በሁለቱ መካከል ሲኒዋን ይዛ ተቀመጠች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ግን በሁለቱም ምሳሌ ውስጥ ዛፉ ሥር የቆመው ሰው አልተነሣም፤ ልጁ ይመጣል ብሎ የሚጠብቀው፣ ደብዳቤ አገኛለሁ ብሎ እጁን የሚሰደው።

ቡናው ሲያበቃ ሁለቱ ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«የቀረህበት አይደለም ያናደደኝ» አለችው። «አሞኛል ማለትህ ነው።»

«ብነግርሽ ታስወጪኝ ነበራ።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ ዘጋችው። እውነቱን ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቢነግራት ኖሮ ሳታመነታ ሌላ ረዳት ትጠይቅ ነበር። እውነት መናገር የሚያስቀጣበት ቦታ ላይ ሰው ለምን ዋሸ ብሎ መገረም አይቻልም።

«አሁን ብትነግረኝ አላስወጣህም» አለች፤ ቃሉ ከብዷት። «ግን ሁሉንም ንገረኝ። የትኛውን ቀን ታውቃለህ፣ የትኛውን አታውቅም? ሲጠሩህ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚደውሉት? እምቢ ልትል የምትችልበት ቀን አለ?»

መለሰላት። ቀረጻው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት ነው። የሚደውሉት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። አንዴ እምቢ ካለ በቦታው ሌላ ሰው ይገባል፤ ስለዚህ እምቢ ማለት አይችልም። ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገር ዓይኑን ወደ ታች አደረገ። ከሁሉ የጠቀማት መልስ ግን ይህ ነበር። «እሞክራለሁ» ቢላት ኖሮ ምን ታደርገዋለች? በ«እሞክራለሁ» የልምምድ ፕሮግራም አይወጣም።

ሰኞ ማታ ልጅቷ ትልቅ ወረቀት ኮሚናሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። እስከ ምረቃው ያሉትን ቀናት በሙሉ አስምራበታለች። ለሁሉም እስክሪብቶ ሰጠችና «የማትችሉበትን ቀን ጻፉ፤ ምክንያቱን ከፈለጋችሁ ጻፉ፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት። ዛሬ ለተጻፈ ቀን ማንም አይወቀስም። ሳይጻፍ ለተቀረ ቀን ግን ምክንያት አልሰማም» አለች። ረዳቷን ለብቻው ማጋለጥ አልፈለገችም። በሕዝብ ፊት እሱን ብቻ ብታስጽፈው ፍርድ ቤት ይሆን ነበር።

ወረቀቱ ሲሞላ አዘጋጁ ራሱ ተገረመ። አንዷ ተዋናይት ሐሙስ ሐሙስ የድምፅ ሥራ አላት። ሌላው ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ላይ መድረክ ይመራል። አንዱ ጠዋት ልጆች ያስጠናል። አንዷ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ናት፤ የክብረ በዓል ዋዜማ አትነካም። ደራሲው ሳይቀር ማስታወቂያ ጽፎ ይሸጣል። «ሁለት ዛፍ» የተባለለት ልጅ ብቻውን አልነበረም፤ ብቻውን የነበረው በመጋለጡ ነው።

ይህ ብልሃት የእሷ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ የተማሪዎች ቴአትር ገና ሚና ሳይሰጥ እያንዳንዱ ሰው የማይችልባቸውን ቀናት ጽፎ ያስረክባል፤ ዝም ብሎ ሚና ወስዶ ኋላ መቅረት ትልቅ ነውር ነው። በእንግሊዝ ቴአትር ቤቶች መጋረጃው ሊከፈት 35 ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም ተዋናይ ሕንጻው ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከዚያች ደቂቃ በፊት የት እንደዋለ የሚጠይቀው የለም፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን የመድረኩ ነው። ነገሩ የቆየም ነው። በሼክስፒር ዘመን ከመድረኩ ጓዳ ሚስማር ላይ የሚሰቀል፣ ማን መቼ እንደሚገባ የተጻፈበት ሰሌዳ ነበራቸው፤ ጥቂቶቹ ዛሬም ድረስ ተጠብቀው ይገኛሉ። ያኔም ተዋናዩ በአንድ ማታ ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ ይጫወት ነበርና ሰሌዳው ከሌለ ሁሉም ይጠፋል።

እኛ ጋ ግን ከወረቀት በላይ የሆነ ነገር አለ፤ ለቅሶ። በሁለተኛው ሳምንት ከግቢው ሰው ሞተ፤ ኮሚናሉ ለሐዘንተኛ ተለቀቀ፣ ድንኳን ተተከለ። ልጅቷ ያን ማታ ልምምዱን ሰረዘችና ከተዋንያኑ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ጥበቃው አዩዋቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ቁልፉን ለመጠየቅ ስትመጣ «ጋሼ» ብላ ሳትጨርስ ሰጧት። ተማሪ ለቅሶ ደርሶብኝ ነው ሲል ማስረጃ የሚጠይቅ አስተዳዳሪ በዚህ አገር አይሠራለትም፤ አስቀድሞ ለእንዲህ ያለው ቀን ተተኪ ሰው ያላዘጋጀም አይሠራለትም። ስለዚህ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋ የረዳቷን ጠረጴዛ እንድታጠና አደረገች። ያስጠናት ማን መሰላችሁ? ራሱ ረዳቷ። ዕቃውን ክብ በክብ እያሳየ፣ መቼ እንደሚገባ በእጁ ጽፎ ሰጣት።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስን። ወረቀት ቀን ያሳያል እንጂ ሥራ አያካፍልም። ልጅቷ ረዳቷን ጠርታ ሥራውን ለሁለት ከፈለችው። ዕቃ መሥራት፣ መጠገን፣ ከልምምድ በፊት መደርደር፣ ከትርዒት በኋላ ሰብስቦ መቁጠር የእሱ ይሆናል። እነዚህ ሰዓታቸው ሊገፋ ሊሳብ ይችላል። ትርዒቱ እየሄደ ከጓዳ ዕቃ ማቀበል፣ ዲኮር መቀየር፣ የበሩን ድምፅ ማሰማት ግን የአንደኛ ዓመቷ ተማሪ ይሆናል።

«የመክፈቻው ማታ ጓዳ አልቆምም ማለት ነው?» አለ።

«ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሲደውሉልህ እምቢ ማለት አልችልም ብለሃል።»

«ለመክፈቻው እላለሁ።»

«አምንህ ይሆናል» አለችው፤ «ግን ተዋንያኑ ላይ መወራረድ አልችልም።»

ልጁ ተከፋ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መከፋቱ አግባብ ነው። አራት ዓመት የተማረው ያችን ማታ ጓዳ ውስጥ ለመቆም ነበር። ልጅቷም ዕንባዋን ዋጠች። ለብዙ ቀን ሰላምታ ብቻ ሆኑ፤ ምሳ አብረው መብላት ተዉ። አንዳንድ ሰው ቁርጥ ያለ ንግግር ካለ ፍቅር ወዲያው ይመለሳል ይላል። እኔ እንዲያ ሲሆን አላየሁም። የሚመለሰው ሥራው ነው፤ ልብ በራሱ ጊዜ ነው የሚመጣው። ልጅቷ ልታባብለው ብላ የመክፈቻውን ማታ ብትመልስለት ኖሮ ለእሱ ደግ ሆና ለስምንቱ ተዋንያን ጨካኝ ትሆን ነበር።

ስምምነቱ ከጸና በኋላ ልጁ አንድም ቀን ሳይናገር አልቀረም። አንድ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ደውሎ «ነገ ጠርተውኛል፤ ራዲዮው አንቴናው ላልቷል፣ ሙጫው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ለአንደኛ ዓመቷ ነግሬያታለሁ» አላት። ከአንድ ደቂቃ በላይ አላወሩም። በማግስቱ ልምምዱ ያለ እሱ ሄደ፤ ደብዳቤው ከመደርደሪያው ነበር።

መምህሩ ነጥብ ሊሰጡ ሲቃረቡ ጠሯት። «ይህን ልጅ ምን ላድርገው?» አሉ። አስተያየቷን አልተናገረችም። የልምምድ ማስታወሻዋን ከፍታ ሰጠቻቸው፤ የመጣባቸው ቀናት፣ ያረፈደባቸው፣ የቀረባቸው፣ አስቀድሞ የተናገረባቸውና ያልተናገረባቸው፣ የሠራቸው ዕቃዎች፣ ያስጠናት ተማሪ፤ ሁሉም በየቀኑ በተጻፈበት ቀለም። ያ ማክሰኞም አለበት፤ አልፋቀችውም። ከጎኑ «አሞኛል ብሏል» የሚለው እንዳለ ነው። በኋላ ያወቀችውን አልጨመረችበትም፤ መምህሩ ያውቁታልና። መምህሩ አንብበው ሲጨርሱ ምን እንዳሰቡ አልነገሯትም፤ መዝገቡን ግን ለቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች ማሳያ እንድታውሳቸው ጠየቋት።

ፕሮግራሙ ሲታተም ሌላ ጥያቄ ተነሣ። አንዳንዶች «ረዳት የመድረክ አስተዳዳሪ» ተብሎ እንደ ድሮው ይጻፍ፣ ልጁ እንዳይከፋ አሉ። ልጅቷ እምቢ አለች። «የመድረክ ቁሳቁስ ሥራና ዝግጅት» ተብሎ ስሙ ለብቻው፣ ከፍ ብሎ ተጻፈ። የአንደኛ ዓመቷ ስም በረዳትነት ገባ። ልጁ የሠራው ሁሉ በስሙ ተጽፎለታል፤ ያልሠራው ግን በስሙ አልገባም። ሲያየው ምንም አላለም፤ ሁለት ቅጂ ወስዶ አንዱን ለእናቱ ያዘላቸው።

መክፈቻው ዓርብ ማታ፣ በተውሶ ባገኙት አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ። ልጁ ከሰዓት መጥቶ ዕቃውን ደረደረ፣ ከአንደኛ ዓመቷ ጋር ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ያን ዕለት ቀረጻ አልተጠራም ነበር። ቢሆንም ጓዳ ልግባ ብሎ አልጠየቀም፤ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ራዲዮው ሲበራ እናቱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው አንድ ነገር አሉት፤ ምን እንዳሉት እሱ ብቻ ያውቃል።

ትርዒቱ አልቆ ተመልካቹ ሲወጣ ጃኬቱን አውልቆ ወደ ጓዳ ገባ። ጠረጴዛው ፊት ቆሞ ክብ በክብ ቆጠረ። መነጽሩ የለም። አባትየውን የተጫወተው ተዋናይ ኪስ ውስጥ አገኙት። ልጅቷ ማስታወሻዋን ሳትዘጋ ጠበቀችው።

«ማክሰኞ ሁለተኛው ትርዒት ነው» አለ። «እስካሁን አልደወሉም። ሊደውሉ ግን ይችላሉ።»

«ጽፌዋለሁ» አለች። «አንደኛ ዓመቷ ትቆማለች። አንተ ካልተጠራህ 9 ሰዓት ላይ ና፤ በሩ ማጠፊያው እየጮኸ ነው።»

«ዘይት አመጣለሁ» አለና የራዲዮውን አንቴና አጥፎ ካርቶን ውስጥ ከተተው።